ሲስተምዲን ማን ጠራው?

ስሙኝማ። ይህን የምነግራችሁ ነገር የሆነው አውቶቡስ ተራ ነው፤ ከአዲስ ከተማ ትምህርት ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ ፎቶ ኮፒና የማመልከቻ ጽሑፍ በሚሠራባት አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ። ቤቷን የያዛት ኮምፒውተር የተማረ ወጣት ነው፤ ስሙን እንተወውና ልጁ እንበለው። ደጁ ላይ ደግሞ እትዬ አሉ። እትዬ ማመልከቻ ጸሐፊ ናቸው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጅማ የመጣ ባለጉዳይ ከአውቶቡስ ወርዶ ወደ መሥሪያ ቤት ከመሄዱ በፊት እሳቸው ጋ ጎራ ይላል። እጃቸው ፈጣን ነው፤ አንደበታቸው ከእጃቸው ይብሳል። «ጉዳዩ፦» ብለው ከጀመሩ ባለጉዳዩ ራሱ የረሳውን ያስታውሱታል።

እትዬ የሚጽፉበት ማሽን ላይ ያለው ዊንዶውስ አይደለም። ኡቡንቱም አይደለም። ጄንቱ ሊኑክስ ነው። ከመካከላችሁ ነገሩን የሚያውቅ ካለ «ለፎቶ ኮፒ ቤት ጄንቱ?» ብሎ እንደሚስቅ አውቃለሁ። ይሳቅ፣ እኔም ስቄያለሁ። ሌሎቹ ሊኑክሶች ተሠርቶ ያለቀ ፕሮግራም አውርደው ይጭኑላችኋል። ጄንቱ ሶርስ ኮዱን ያወርድና እዚያው ማሽናችሁ ላይ ኮምፓይል ያደርገዋል፤ እናንተም ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ጀማሪው ዳንኤል ሮቢንስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። መጀመሪያ ያወጣለት ስም ሄኖክ ነበር፤ መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉውን በግዕዝ ጠብቃ ባቆየች አገር ይህን የሰማ ሰው ጆሮው ቢቆም አይፈረድበትም። ኋላ ስሙ ተለውጦ ጄንቱ ሆነ፤ በውኃ ውስጥ ፍጥነቱ በሚታወቅ የፔንግዊን ዓይነት ስም ማለት ነው። የመጀመሪያው እትም፣ 1.0፣ በመጋቢት 1994 ዓ.ም. ወጣ።

የጄንቱ ፓኬጅ አስተዳዳሪ ፖርቴጅ ይባላል። በፓይተን የተጻፈ ነው፤ ሐሳቡን ከፍሪቢኤስዲ ወስዷል። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ኢቢልድ የሚሉት አጭር ፋይል አለ። ሶርስ ኮዱ ከየት እንደሚወርድ፣ እንዴት እንደሚገነባ፣ ማንን እንደሚፈልግ፣ ከማን ጋር አንድ ቤት እንደማይኖር ተጽፎበታል። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፤ የዛሬው ጨዋታችን እሷ ላይ ነው።

ልጁ ጄንቱን የመረጠው ለመኩራራት ብቻ አይደለም፤ ትንሽ መኩራራትም አለበት፣ አልዋሽም። ማሽኗ እዚያው መርካቶ የተገዛች ያገለገለች ዴስክቶፕ ናት፤ ራሟ 8 ጊጋባይት። ጄንቱ ላይ «ዩዝ ፍላግ» የሚባል ነገር አለ፦ ይህ ችሎታ ይግባ፣ ያኛው ይቅር እያላችሁ ፕሮግራሙ ሲገነባ የማትፈልጉትን ታስቀራላችሁ። ልጁ የማይጠቀምበትን ሁሉ አስቀርቶ ማሽኗን ቀላል አድርጓታል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የዴስክቶፕ ፕሮግራም ኬዲኢ ፕላዝማ 5 ነበር። ሲስተሙ ሲነሣ አገልግሎቶቹን ተራ በተራ የሚያስነሣው ኦፕንአርሲ፣ ተጠቃሚ ሲገባና ሲወጣ የሚመዘግበው ደግሞ ኢሎጊንዲ። ሁሉም በሰላም ይኖሩ ነበር፤ እትዬም ማመልከቻቸውን ይጽፉ ነበር።

ኋላ ሁለት ነገር በተከታታይ መጣ። ፕላዝማ 6 የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ለዓለም ተለቀቀ። በተከታዩ ወር የጄንቱ ሰዎች 23.0 የሚባለውን አዲስ ፕሮፋይል አወጡና የድሮውን 17.1 የያዘ ሁሉ እንዲሻገር አስታወቁ። ፕሮፋይል ማለት የሲስተሙ መነሻ ውሳኔ ነው፦ ዴስክቶፕ ነው ወይስ ሰርቨር፣ ጂኖም ነው ወይስ ፕላዝማ፣ ሲስተምዲ ነው ወይስ ኦፕንአርሲ፤ ሌላው ምርጫ ሁሉ ከዚያ ላይ ይነሣል። የምትመርጡትም ረጅም ዝርዝር ወጥቶላችሁ ቁጥር በመጻፍ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ ችላ ብሎ ከርሞ፣ ፕላዝማ 6 በጄንቱ የተረጋጋ ተብሎ ሲፈቀድ ነው የነቃው።

አንድ ምሽት እትዬ ሒሳባቸውን ተቀብለው ሄዱ። ደጅ ላይ ረዳቶቹ የመጨረሻውን ጥሪ ይጠራሉ፤ «አንድ ሰው ቀረው!» ይባላል፣ ያ አንድ ሰው አምስቴ ይገባል። ልጁ በሩን ገርበብ አድርጎ ተቀመጠ። የፕሮፋይሉን ዝርዝር አወጣ፣ ቁጥሩን ጻፈ፣ ቀጥሎ ኢመርጅ የሚባለውን የፖርቴጅ ትእዛዝ ሙሉ አፕዴት አድርግ አለው።

ኢመርጅ አሰበ። ኢመርጅ ሲያስብ ቀስ ብሎ ነው። ከዚያ ስክሪኑ በቀይ ሞላ።

ኢሎጊንዲ ሲስተምዲን አግዷል። ከዚያ በታች የፕላዝማ 6 ፓኬጆች የፕላዝማ 5 ፓኬጆችን አግደዋል፤ እያለ፣ እያለ፣ ስክሪኑን አልፎ ወረደ።

ልጁ እንደማንኛውም ወጣት አደረገ፤ ያንኑ ትእዛዝ ደገመው። ያው መልስ መጣ። ፖርቴጅ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ መንገድ የሚሞክርበትን ቁጥር ከፍ አድርጎ እንደገና ሞከረ። ያው መልስ መጣ፣ ግን ዘግይቶ። ይህቺን ምክር ብዙ ሰው ይሰጣታል፤ እኔ እንደማየው አብዛኛውን ጊዜ የምትጠቅመው ለፕሮሰሰሩ ማሞቂያ ነው።

በዚህ መሐል ጋሼ ገቡ። ጋሼ የሰፈሩ የኔትወርክ ሰው ናቸው፤ የብዙ ሱቅ ገመድ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው። ማታ ማታ ሻያቸውን ይዘው ልጁ ጋ ይቀመጣሉ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ተበላሸብኝ መሰለኝ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወረዱና አነበቡ። ቀስ ብለው ነው ያነበቡት፣ እስከ ታች።

«የተበላሸ ማሽንማ እንዲህ አብራርቶ አይናገርም» አሉት። «አስቸገርከው እንጂ አልተበላሸም።»

«ታዲያ ኢሎጊንዲን ላራግፈውና ልገላገል? አንዲት ትእዛዝ ናት እኮ።»

«በማን በኩል ገብተህ ነው እዚህ ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጥከው? በእሱ አይደለም እንዴ? ያቺ የምትላት ትእዛዝ ማን እንደሚፈልገው ሳትጠይቅ ነው የምትነቅለው። ተው ልጄ፣ እጅህን አንሣ።»

እውነታቸውን ነው። ፖርቴጅ ሁለት ዓይነት የማስወገጃ መንገድ አለው። አንደኛው ማን እንደሚፈልገው ሳያጣራ የሚነቅል ነው፤ ሌላው የሚፈልገው ካለ አልነቅልም የሚል። የመጀመሪያውን በችኮላ የተጠቀመ ሰው ታሪኩን ሲነግራችሁ ብዙ ጊዜ ከሌላ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ነው።

እዚህ ላይ ስለነዚህ ስለሁለቱ ባላንጣዎች ትንሽ ልንገራችሁ፤ ጠባቸው ከልጁ ቤት የጀመረ አይደለምና። ሲስተምዲን ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ እ.ኤ.አ. በ2010 አመጡት። መጀመሪያ አገልግሎት ማስነሻ ነበር፤ እየዋለ እያደረ የተጠቃሚ መግቢያውንም፣ የመዝገብ አያያዙንም፣ ሌላም ሌላም ጠቀለለ። ትልልቆቹ ሊኑክሶች አንድ በአንድ ተቀበሉት። ጂኖምም በእሱ ላይ ተደገፈና እ.ኤ.አ. በ2013 ጄንቱ ላይ 3.8ን የፈለገ ሰው ሲስተምዲን አብሮ ማስገባት ግድ ሆነበት። ኦፕንአርሲ ግን የጄንቱ የራሱ ልጅ ነው፤ ብዙዎች አንለቅም አሉ። መፍትሔው ጊክስ ከሚባለው ሌላ ሊኑክስ ሰፈር መጣ፤ አንዲ ዊንጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የሲስተምዲን የተጠቃሚ መግቢያ ክፍል ብቻ ቆርጦ አወጣና ለብቻው እንዲቆም አደረገው። ኢሎጊንዲ ያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ጂኖም 3.30 ያለ ሲስተምዲ ጄንቱ ላይ ሊሠራ ቻለ። እንግዲህ ኢሎጊንዲ ከሲስተምዲ ጎን የወጣ ነው፤ ሁለቱም አንድ ሥራ በአንድ ስም ይሠራሉ። አንድ ማሽን ላይ አብረው አይቀመጡም፤ የኢሎጊንዲ ኢቢልድ ይህን በግልጽ ጽፎታል። ማንኛው ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ለእትዬ ማመልከቻ ሁለቱም እኩል ናቸው እላለሁ።

ወደ ቤቷ እንመለስ። ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«መጀመሪያ ምልክቱን እይ። በአንዳንዱ መስመር ላይ ትንሽ ‹ቢ› አለ፣ በአንዳንዱ ላይ ትልቅ ‹ቢ›። ትንሿን እርሳት፤ ራሱ ፖርቴጅ አሮጌውን አንሥቶ አዲሱን ያስገባል። ትልቋ ግን ‹እኔ አልቻልኩም፣ አንተ ወስን› ማለቷ ነው። ትልቋን ብቻ ቁጠር።»

ልጁ ቆጠረ። ስክሪን ሙሉ የነበረው ጠብ ጥቂት መስመር ሆኖ ቀረ።

«አሁን ጠይቀው። ሲስተምዲን ማን ጠራው?»

ልጁ ምንም ሳይጭን እቅዱን ብቻ በዛፍ መልክ እንዲያሳየው ኢመርጅን አዘዘው። እያንዳንዱ ፓኬጅ ከፈለገው ፓኬጅ ሥር ገባ ብሎ ተጻፈ። ሲስተምዲን ተከትሎ ወደ ላይ ሲወጣ አንድ ፓኬጅ አልነበረም የጠራው፤ ብዙዎቹ የሲስተምዲ ፍላግ በርቶባቸዋል። እሱ ደግሞ ያንን ፍላግ አላበራም። በፋይሎቹ ሁሉ ፈለገ፣ የለም። እንዲያውም በአንዱ ፋይል ውስጥ ራሱ ከዓመታት በፊት የጻፋት መስመር ኢሎጊንዲ ይግባ ትላለች።

«ፕሮፋይሉን አይተኸዋል?» አሉ ጋሼ።

«ዛሬ ነው የቀየርኩት፤ ያንኑ የድሮውን ቁጥር ነው የጻፍኩት።»

ጋሼ ሻያቸውን አስቀመጡ። ዝርዝሩ እንደገና ወጣ። አዲሶቹ 23.0 ፕሮፋይሎች ሲጨመሩ ቁጥሮቹ ሁሉ ተንሸራትተዋል። «ዴስክቶፕ፣ ፕላዝማ» የሚለው አንድ መስመር ላይ ነው፤ ወዲያው ከሥሩ «ዴስክቶፕ፣ ፕላዝማ፣ ሲስተምዲ» አለ፤ የተመረጠውን የምታሳየው ኮከብ ያረፈችው እሱ ላይ ነው። ልጁ በጣቱ የሚያስታውሳት ቁጥር ወደ ሌላ ቤት ወስዳዋለች። ፕሮፋይሉ ሲስተምዲን ጠራ፤ የድሮዋ መስመር ኢሎጊንዲን ጠራች፤ ፖርቴጅም ሁለቱንም አክብሮ ሁለቱንም ማስገባት ሲያቅተው ተናገረ። ያጠፋው ነገር አልነበረም።

ልጁ ትክክለኛውን መረጠ፤ ማሽኗ በድሮው የፋይል አደረጃጀት ላይ ስላለች «ስፕሊት-ዩኤስአር» የሚል የተጻፈበትን፣ ያለ ሲስተምዲ። እቅዱን ደግሞ ጠየቀ። የሁለቱ ባላንጣዎች ነገር ጠፋ። የፕላዝማው ግን ቁጭ ብሏል።

«ይኼስ ጋሼ? እያንዳንዱ ስሎት አለው አይደል እንዴ? 5 በ5፣ 6 በ6።»

ጥያቄው ደግ ጥያቄ ነው፤ እናንተም እንዳትደናገሩ። ጄንቱ ላይ ስሎት የሚባለው አንድ ፕሮግራም በሁለት ትውልድ ጎን ለጎን እንዲኖር የሚያስችል ነው። እዚያው ከልጁ ደጅ ማዶ ያለውን ግቢ አስቡት፦ ወደ ተለያየ ከተማ የሚሄዱ ሁለት አውቶቡሶች እየራሳቸው የመጫኛ ቦታ ስላላቸው ጎን ለጎን ቆመው ይጭናሉ፤ በአንድ መጫኛ ላይ ሁለት ከመጣ ግን አንዱ ካልወጣ ሌላው አይገባም። ፕላዝማ የሚቆምባቸው ኪውት 5 እና ኪውት 6፣ የኬዲኢ ፍሬምዎርክ 5 እና 6 እንደዚያ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ፋይሎቻቸው የተለያየ ቦታ ይቀመጣሉና። ፕላዝማ 5 እና 6 ግን ስሎታቸው በወረቀት ይለያይ እንጂ ብዙ ፋይሎቻቸው የሚያርፉት አንድ ቦታ፣ በአንድ ስም ነው። ስለዚህ አዲሱ የድሮውን ያግዳል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ በትንሿ «ቢ» ያልቃል፤ ፖርቴጅ 5ን አውጥቶ 6ን ያስገባል።

«ታዲያ አሁን ለምን በትልቋ?»

«እሱን አትጠይቀኝ። 5ን ማን ጠራው?»

ልጁ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዛፉ ጫፍ ደረሰ። ጫፉ ላይ ምንም ፓኬጅ የለም። «ዎርልድ» ይላል።

ዎርልድ ማለት አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ተጠቃሚው በገዛ ቃሉ «ይህን ጫንልኝ» ያለው ሁሉ እየተጻፈ የሚቀመጥበት። ከቀረው በመቶ የሚቆጠር ፓኬጅ አብዛኛው ማሽኑ ላይ ያለው በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያለ አንዱ ፓኬጅ ስለሚፈልገው ነው፤ ፖርቴጅ በራሱ የሚወደው ፕሮግራም የለውም። ልጁ ፋይሉን ከፈተ። ከመሐል ላይ የፕላዝማ ጠቅላላ ፓኬጅ ተጽፏል፤ ከስሙ ኋላ ሁለት ነጥብ፣ ከሁለት ነጥቡ ኋላ 5። ያን ጊዜ ሲጭን ስሎቱን ጨምሮ አዝዞ ኖሯል። ፖርቴጅም ቃሉን ጠብቆ «5 አይነካም» ብሎ ቆሟል።

ልጁ ሳቀ። ጋሼም ሳቁ። አንዲት ትእዛዝ 5ን ከመዝገቡ ሰረዘች፤ ከማሽኑ አልነቀለችውም፣ ከመዝገቡ ብቻ። በቦታው ያለ ቁጥር ተጻፈ። እቅዱ ሦስተኛ ሲጠየቅ ትልቋ «ቢ» የለችም። ትንሿ ብዙ ቦታ አለች፤ እሷን ታውቋታላችሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም፣ ቶሎ ልለፈው። ወደ 23.0 ሲሻገሩ መጀመሪያ ቢንዩቲልስ፣ ቀጥሎ ጂሲሲ፣ ቀጥሎ ጂሊብሲ የሚባሉት መሠረቶች፣ ከዚያ ሁሉም ነገር እንደገና ይገነባል። ሁሉም ማለት ሁሉም ነው። በድሮው ዘመን ቢሆን ልጁ ኪውት ዌብኢንጅን ላይ ሲደርስ ነበር የሚያለቅሰው፤ ውስጡ ክሮሚየም አለበት፣ 8 ጊጋ ራም ለእሱ ቁርስ ነው። ነገር ግን ጄንቱ ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተለመዱት ፕሮሰሰሮች ተሠርቶ ያለቀ ፓኬጅም ያቀርባል። ፖርቴጅ ዩዝ ፍላጉ የተስማማውን ዝግጁ እያለ ወሰደ፣ ያልተስማማውን ኮምፓይል አደረገ። ይህን «ጄንቱነትን መሸጥ ነው» የሚሉ አሉ። እነሱ መብራት በሚሄድበት ሰፈር ኮምፓይል አድርገው አያውቁም። የእትዬ ሊብረኦፊስም ጥንቱንም ዝግጁው ነበር፤ ልጁ እዚያ ላይ ብልህ ነው።

መብራት ሄደ እንዴ? ሄደ እንጂ። ዩፒኤሱ ጮኸ፣ ልጁ በሥርዓት አጠፋው። መብራቱ ሲመለስ ኢመርጅን ካቆምክበት ቀጥል አለው፤ መሐል ላይ የነበረው ፓኬጅ ብቻ ከመጀመሪያው ጀመረ፣ ያለቁት አለቁ።

አሁን ልጁ ደስ ብሎታል። የቀረው ማጽዳት ነው። ፖርቴጅ ማንም የማይፈልገውን ፓኬጅ ሰብስቦ የሚያወጣበት ትእዛዝ አለው፤ የፕላዝማ 5 ትርፍራፊ በዚያ ይጠረጋል። ልጁ ጻፈና፣ ዝርዝሩ ወጣ፣ ጣቱ «አዎ» ላይ አረፈ።

«አንብብ» አሉ ጋሼ።

«የድሮ ፕላዝማ ነው፣ ጋሼ።»

«አንብብ አልኩህ እኮ።»

አነበበ። ከድሮ ፕላዝማዎቹ መሐል አይባስ-ኤም17ኤን የምትባል ስም ተሸጉጣለች። ያቺ ስም የእትዬ አማርኛ ናት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ኤም17ኤን ጃፓን ውስጥ የተሠራ የብዙ ቋንቋ ላይብረሪ ነው። በውስጡ ለአማርኛ የተቀመጠው አጻጻፍ ሴራ ይባላል፤ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የቀመሩት፣ የግዕዝን ፊደል በላቲን ቁልፎች የመጻፊያ ሥርዓት ነው። ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ቦታውን ከማግኘቱ በፊት ኢትዮጵያውያን በኢሜይል አማርኛ የሚጻጻፉበትን መንገድ ለማበጀት ብዙ የደከሙ ሰዎች ናቸው። እትዬ ስማቸውን አያውቁም፤ ጣታቸው ግን ሥርዓታቸውን ያውቀዋል፣ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ሳያዩ ይለያሉ።

ታዲያ ፖርቴጅ ይህን ሁሉ ለምን ሊጥል ተነሣ? ልጁ መጀመሪያ ላይ «ለሙከራ ነው» ብሎ በመዝገቡ ሳያሰፍር ጭኖት ነበር። ለፖርቴጅ ደግሞ በዎርልድ ያልተጻፈ፣ በዎርልድ ያለም ማንም የማይፈልገው ነገር ትርፍ ነው። እትዬ ቀኑን ሙሉ እንደሚጽፉበት ማን ነገረው?

ልጁ «አይሆንም» አለና ትእዛዙን አቋረጠ። ያቺን ስም፣ ያለችውን እንደገና ሳይጭን፣ በመዝገቡ አስገባት። ማጽዳቱ ሲደገም ከዝርዝሩ ወጥታለች። አንድ ሥራ ቀርቶ ነበር፤ ፕላዝማ 6 በነባሪነት ዌይላንድ በሚባለው የማሳያ ሥርዓት ነው የሚነሣው፣ የቁልፍ ሰሌዳውንም አማርኛውን ለሚያስገባው ለአይባስ የሚሰጠው በሴቲንጉ ውስጥ በቨርቹዋል ኪቦርድ ሥር ሲመረጥ ነው። ማን እዚያ ይፈልጋል? ጋሼ ፈለጉ።

ጠዋት እትዬ መጡ። ከፊታቸው ሻንጣው ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ የጠፋበት ገበሬ ተቀምጧል። ማሽኗን ከፈቱ፣ «ጉዳዩ፦» ብለው ጻፉ። አማርኛው ወጣ። ልጁ ከኋላ ቆሞ ያያል፤ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ምስጋና ይጠብቃል።

«ምነው ይኼ ከታች ያለው መስመር ተነሥቶ ተንሳፈፈ?» አሉ እትዬ። «ሰዓቱንም አራቀብኝ። ምን ነክተህ ነው?»

«አዲሱ ፕላዝማ ሲመጣ እንዲህ ነው፣ እትዬ። ፓኔሉ እንዲንሳፈፍ ነው የተሠራው።»

«እኔ ተንሳፋፊ መች ጠየቅሁህ? እንደነበረው መልስልኝ፣ ሰውየው ይቸኩላል።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ ማውሱን ያዘና መለሰላቸው።